ድሬ ላይ፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ግቢ፣ የትኛው ቀይ አበባ ያዋጣል?

ሳቢያን_ልጅ | ግንቦት 11

ሰላም የአበባ ሰዎች። ድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ወደ ምዕራብ የዞረ ነጭ ግንብ አለ፤ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከሥሩ ያለው መሬት ባዶ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ቀይ አበባ ብቻ መትከል ፈልጌያለሁ። ሮዝ አይደለም፣ ብርቱካናማ አይደለም፣ ቀይ።

በየዓመቱ እየዘራሁት የሚደርቅ አልፈልግም። አንዴ ተተክሎ ለዓመታት የሚቆይ ይሁንልኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶው ደግሞ መጀመሪያ ለሰው ነው። ሥር ከያዘ በኋላ በሳምንት ከሁለት ሦስት ጀሪካን በላይ ለአበባ ማዋል አልችልም። ፀሐዩን ድሬ የኖረ ያውቀዋል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ያ ግንብ እንደ ምጣድ ይግላል።

ትንንሽ ልጆች አሉ። የጎረቤት ፍየልም በር ክፍት ካገኘች አትምረኝም። ምን ትላላችሁ?

---

ኬዚራ_ጥላ | ግንቦት 11

አቦ ይሄማ ጥያቄ አይደለም! ቡገንቪሊያ። አለቀ።

ውሃ ሲያንሰው ነው የሚያብበው። ካጠገብከው ቅጠል ብቻ ያወጣና አረንጓዴ አጥር ሆኖልህ ይቀራል። ቀይ የምንለው ደግሞ አበባውን የከበበው ቅጠል ነው። ቀረብ ብለህ ብታይ መሃሉ ላይ ትንሽዬ ነጭ ነገር አለች፤ አበባዋ እሷ ናት። ቶሎ የማይረግፈውም ለዚህ ነው።

የድሬዳዋ ዛፍ ትከል የሚልህ ሰው ይመጣል። አትስማው። አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ ስሙን ከእኛ ወሰደ እንጂ። ሲያብብ ከተማውን ያደምቃል፣ ጥላውም ጥላ ነው። ሁለት ሜትር መሬት ላይ ግን ሥሩ ግንብህን ያነሳልሃል።

---

ችግኝ_በእጄ | ግንቦት 12

ኬዚራ እውነቱን ነው፤ ግን ቡገንቪሊያ ብቻውን ግቢ አይሞላም። እኔ ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለገበያዬ ነው ብትሉም ግድ የለኝም።

መጀመሪያ የቀለሙን ነገር እንጨርስ። ገበያ ላይ "ቀይ" ተብሎ የሚሸጠው ቡገንቪሊያ ብዙ ጊዜ ደማቅ ወይን ጠጅ ነው። ሳያብብ አትግዛ። ቅጠሉን አይቶ ቀለሙን የሚነግርህ ሻጭ የለም፤ እኔም ጭምር። ስትተክለው የችግኙን ፕላስቲክ በምላጭ ቅደድና አፈሩን ሳታፈርስ አስቀምጠው። ቡገንቪሊያ ሥሩ ሲነካ ያኮርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለዚህ ግንብ እሬትን የሚያህል የለም። እሬት ስል ለፊትና ለጸጉር የሚቀባውን ማለቴ አይደለም። እሱ በየግቢው ያለው አሎ ቬራ ነው፤ የሚያብበውም ቢጫ ነው። ብዙ ሰው "እሬት ቢጫ ነው" ብሎ የሚደመድመው እሱን ብቻ ስላየ ነው። የሐረርጌ ተራሮች ቀያይ እሬቶች አሏቸው። አንዱ አሎ ሐርላና ነው። የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ እዚሁ ሐረርጌ ነው። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ እሾህ ያለው፣ የአበባው ዘንግ ቅርንጫፍ የሚያወጣ፤ አበባው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ቀይ ነው። ሌላው አሎ ሜጋላካንታ ነው፤ እሾሁ ትልልቅ ነው፣ እንደ ቁጥቋጦ ይሰፋል፣ አበባው ግን ወደ ብርቱካናማ ስለሚያደላ አንተ አትቀበለውም።

እሬት ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ፈረቃው ቢዘልህ አይሰማውም። የሚገድለው ጥጋብ ነው። ሜዳ ላይ ከተከልከው በክረምት ዝናብ አንገቱ ይበሰብሳል። አሸዋና የወንዝ ጠጠር ቀላቅለህ አንድ ክንድ የሚሆን ጉብታ ሥራና እላዩ ላይ ትከለው። አንዱን ከሌላው 80 ሳንቲ ሜትር አራርቀው። ፍየሏም አንዴ ከቀመሰችው አትመለስበትም፤ መራራ ነው።

ከፊት ለፊት ዝቅ ያለ ከፈለግክ የእሾህ አክሊል የሚሉት አለ፤ ዩፎርቢያ ሚሊ። እሱም የማዳጋስካር ነው። እንደ ድሬ ውርጭ በማያውቅ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ሳያብብ አይውልም። ቁራጩን ወስደህ ነጭ ወተቱ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አስተኛውና አሸዋ ውስጥ ሰካው፤ ይበቅላል። ችግሩ ያ ወተት ነው። ዓይን ከገባ አደገኛ ነው። ልጆች ካሉ ከመንገዳቸው አርቀው። ስትቆርጠውም ጓንት አድርግ።

የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው አዴኒየምም አለ። ግንዱ ሥሩ ጋ አብጦ ውሃ ያጠራቅማል። በምሥራቅ ቆላ ዱር በቀል ነው፤ የዱሩ ግን ሮዝ ነው፣ መሃሉ የነጣ። ጥልቅ ቀይ የሚሆኑት ተመርጠው የተዳቀሉና በሌላ ሥር ላይ የተቀጠሉ ናቸው። መርዛማ ነው፤ ወተቱን በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት መርዝ ይጠቀሙበት ነበር። ቢቻል በሸክላ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ከጥቅምት በኋላ ቅጠሉን ቢያራግፍ ሞተ ብለህ አትጣለው፤ ተኝቶ ነው፤ ውሃውንም ያን ጊዜ ቀንስለት።

---

ሸገር_ጓሮ | ግንቦት 12

ሰላም ወንድሜ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። እርስዎ ቀይ ከፈለጉ አሸንዳን ለምን አያስቡም? የአገራችን አበባ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ እንደ ችቦ ይቀላል። ጀራኒየምም አለልዎ፤ በየሰፈሩ በዘይት ቆርቆሮ የሚተከለው፤ ውሃ ብዙም አይጠይቅም።

---

ኬዚራ_ጥላ | ግንቦት 12

"እርስዎ" 😂 ድሬ ውስጥ አንቱታ የለም፤ ሳቢያን_ልጅ ሌላ ሰው መስሎት ዞር ብሎ እንዳያይ።

---

ችግኝ_በእጄ | ግንቦት 12

ሸገር፣ አሸንዳ ሲያዩት ያሳሳል። ግን የደጋ ልጅ ነው። ኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሚባለው የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ቤቱ። ባሌ ሄዳችሁ እዩት፣ ሜዳውን ሞልቶታል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሙቀቱ ራሱ አይሆንለትም፤ ውሃ ብታፈስለትም ያው ነው።

ጀራኒየም ይኖራል፤ ነገር ግን ሌሊቱ ሲሞቅ ማበቡን ያቆማል። በሚያዝያና ግንቦት ቅጠል ብቻ ነው። የጠዋት ፀሐይ፣ የከሰዓት ጥላ ካገኘ ጥሩ ነው። ይህ ግንብ ደግሞ የከሰዓት እሳት ነው።

---

ሳቢያን_ልጅ | ግንቦት 13

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። እሬቱ ልቤን ወስዶታል። አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ጎረቤቴ ቀይ ሂቢስከስ አላት። በየቀኑ ታጠጣዋለች። ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ ነው፤ አበባውም እያነሰ። ውሃ አንሶት ነው ብላ ጨመረችለት፣ ባሰበት። የእኔም እንደዚያ እንዳይሆን ፈራሁ።

---

የአፈር_ነገር | ግንቦት 13

አዲሶቹ ቅጠሎች ናቸው ወይስ አሮጌዎቹ? የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ በመሃል ያለው ብቻ ቢጫ ነው? አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ እንደዚያ ከሆነ ብረት አጥቷል። የአበባ እርሻ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ይህን በሽታ ከሩቅ ነው የማውቀው።

አፈሩ ውስጥ ብረት ጠፍቶ አይደለም። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር ነው፤ ኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ማንቆርቆሪያችሁ ሥር ነጭ ቅርፊት የሚያስቀረው እሱ ነው። በየቀኑ ባጠጣችሁ ቁጥር ያ ኖራ አፈሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ፒኤቹ (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ይወጣል። ከ7.5 ሲያልፍ ብረቱ ሥር በማይመጥጠው መልክ ይታሰራል። ስለዚህ ጎረቤትህ ውሃ ስትጨምር መድኃኒት እየሰጠች አይደለም፣ ኖራ እየጨመረች ነው። በዚያ ላይ ውሃ የተኛበት ሥር አየር ስለሚያጣ ብረት መምጠጥ የበለጠ ይከብደዋል።

የዛገ ሚስማር ቅበሩ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ዝገቱም ያው ይታሰራል። የሚሠራው ብረት ኬሌት ነው፤ አፈር ውስጥ እንዳይታሰር በሌላ ውህድ የተያዘ ብረት ማለት ነው፤ እሱም ዓይነት አለው። ኢዲቲኤ የሚባለው ረከስ ይላል፤ ፒኤች ከ6.5 ገደማ ካለፈ ግን ገንዘብ መጣል ነው። ለኖራ አፈር የሚሆነው ኢዲዲኤችኤ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ጥልቅ ቀይ ይሆናል፤ አስመስለው የሸጡላችሁ እንደሆነ በዚያ ትለያላችሁ። የአበባ እርሻዎች ስለሚጠቀሙበት የእርሻ ግብዓት የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ።

ሌላው መንገድ የክረምቱን የጣራ ውሃ ማጠራቀም ነው። የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም። ሂቢስከስ ያለው ሰው እሱን ለሂቢስከሱ ያስቀምጥለት።

አንተ ግን እዚህ ውስጥ ምን አስገባህ? ኖራ የማይጎዳውን ትከል። እሬት፣ አዴኒየም፣ ዩፎርቢያ እዚያው ድንጋይ ላይ ነው የሚያድጉት። ኢክሶራ የሚሉትን ቀይ ቁጥቋጦ ሊሸጡልህ ቢመጡ ግን እለፍ። እሱ ከሂቢስከስም የባሰ ነው፤ ኮምጣጣ አፈር ነው የሚወደው።

---

የመጋላ_እናት | ግንቦት 13

የአፈር_ነገር እግዜር ይስጥህ፤ የእኔም ሂቢስከስ እንደዚያው ነው። የልብስ ውሃ እያጠጣሁት ነበር፤ እሱስ?

---

የአፈር_ነገር | ግንቦት 13

እማ፣ የመጀመሪያውን የዱቄት ሳሙና ውሃ ተይው። ሶዲየሙ አፈሩን ያደርቀዋል። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ለትልልቅ ዛፎች ብታደርጊው ምንም አይልም። ሸክላ ውስጥ ላለ አበባ ግን እሱንም አትስጪ፤ ጨው ሸክላ ውስጥ ቶሎ ይጠራቀማል።

---

ቬጋስ_ሐበሻ | ግንቦት 14

ከላስ ቬጋስ ነኝ፤ ድሬ ተወልጄ ኬዚራ ነው ያደግኩት። ይህን ሳነብ ናፍቆቴ ተነሳ።

እዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እናንተ ጋ የዚያ አምስት ስድስት እጥፍ ነው፤ እና ድሬን ደረቅ ስትሉ ትንሽ ፈገግ እላለሁ 😄። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ የከተማው ክብረ ወሰን ነው። በ2021 የወጣ የኔቫዳ ሕግም አለ፤ ከ2027 ጀምሮ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣርን በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ይከለክላል። የግል መኖሪያ ቤቶችን አይነካም፤ የድርጅት ቅጥርና የመንገድ አካፋይን ነው። ግን እንደኛ ያለውም ሰው ሣሩን እየነቀለ ጠጠርና የበረሃ ተክል እያደረገ ነው።

የእኔ ቀይ ሄስፔራሎ ነው። ቀይ ዩካ ይሉታል፤ ዩካ ግን አይደለም። የቴክሳስና የሰሜን ሜክሲኮ በረሃ ተክል ነው። ቅጠሉ እንደ ጓሳ ቀጭን፣ ዘንጉ ከሰው ወገብ ይበልጣል፣ ከፀደይ ጀምሮ በበጋው ሁሉ ያብባል። ሳልቪያ ግሬጊም አለኝ፤ ቀይዋ። እሷ በሐምሌ ትደክማለች፣ መስከረም ላይ ትመለሳለች። እዚህ ክረምት ውርጭ አለ፤ ቡገንቪሊያና አዴኒየም ውጭ አይቆሙልንም። ታድላችኋል።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጥቅምት ላይ ስመጣ ያንን የሐርላ እሬት በሻንጣ ይዤ ብመለስ?

---

ችግኝ_በእጄ | ግንቦት 14

ቬጋስ፣ ተው። ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዘር በሙሉ ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ነው፤ አብዛኛው በሁለተኛው ዝርዝር፣ ጥቂቱ ይበልጥ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው። ከአገር ለማውጣት የሳይተስ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ያለዚያ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሃል፤ አሜሪካ ስትደርስ ደግሞ የባሰ ነው። አንተ ጋ ያሉ የካክተስና የእሬት ችግኝ ቤቶች ከዘር ያባዙትን በሕጋዊ መንገድ ይሸጣሉ፤ እዚያው ፈልግ።

ለሳቢያን_ልጅም ይህንኑ ልበል። ተራራ ላይ ወጥተህ አትንቀል። ደንግጦ የሚሞተው ብዙ ነው፤ ተራራውም ባዶ ይቀራል። ሰው ግቢ ያለ እሬት ከሥሩ ልጆች ያወጣል፤ አንዱን ለምነህ ውሰድ። ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ላይ አቆይተህ ትተክለዋለህ። ከዘር ካሳደግከው ለማበብ ዓመታት ይፈልጋል፤ ትልቁን ልጅ ካገኘህ ትቀድማለህ።

---

አስቴር_ቤር_ሼቫ | ግንቦት 15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከእስራኤል፣ ከቤር ሼቫ ነኝ። እዚህ ነገሩ ሁሉ ጠብታ ነው። ኔታፊም የሚባለው የጠብታ መስኖ ድርጅት በፈረንጆቹ 1965 የተመሠረተው ከእኛ ወጣ ብሎ ባለው ሐጸሪም ኪቡጽ ነው። ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ጥቁሯን ቱቦ ያውቃታል።

ሳቢያን_ልጅ፣ ሮቶህ ከመሬት አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያለ ፓምፕ ጠብታ ይሠራልሃል። ማጣሪያ ግን አድርግበት። ውሃው ኖራ ስላለው ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ እዚህም ያው ነው። አልፎ አልፎ ነቅለህ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፋቸው።

ስለ ቀይ ካነሳችሁ፣ በጥርና በየካቲት የሰሜን ኔጌቭ ሜዳ ካላኒት በምትባል የዱር አበባ ይቀላል። አገር ምድሩ ልጁን ይዞ ለማየት ይወጣል። መቅጠፍ ክልክል ነው። ሥሯ መሬት ውስጥ ትተኛለች፤ በጋ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አትፈልግም። ግን ብርድ ያለው ክረምት ስለምትሻ ድሬ አትሆናትም፤ ለወሬ ያህል ነው ያነሳኋት።

---

አርባ_ምንጭ_አዞ | ግንቦት 15

ተኝታ የምትነሳ ከተባለ እኛም አለችን እኮ! ስካዶክሰስ። ዝናብ ሲጀምር ከመሬት ብቅ ብላ የኳስ ያህል ክብ ቀይ አበባ ታወጣለች። በበጋ የለችም። ውሃም አትጠይቅም። የምትወደው ከዛፍ ሥር ጥላ ነው፤ ግንቡ ላይ አይሆንም። ግቢህ ውስጥ ዛፍ ካለህ ሥሩ ጣል አድርጋት። ሽንኩርቷ መርዝ ነው፤ ልጆች እንዳይቆፍሩት።

---

ማታ_ማታ | ግንቦት 15

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ እኔ ግን "ቀይ ብቻ" የሚለው ላይ ነው ጥያቄዬ። ሳቢያን፣ ያንን ግንብ ስንት ሰዓት ነው የምታየው? ድሬ ውስጥ በቀን ማን ግቢ ይቀመጣል? ምንጣፍ የሚነጠፈው፣ ሻይ የሚፈላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀለም ቀይ ነው። ብርሃን ሲያንስ ዓይናችን የሚያይባቸው ሕዋሳት ቀይን አይለዩም፤ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየን። ነጭ ግን እስከ መጨረሻው ይታያል። የምትደክምበት አበባ እንግዶችህ በተቀመጡበት ሰዓት የማይታይ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

---

ሳቢያን_ልጅ | ግንቦት 15

ወላሂ ይሄን አላሰብኩትም። ግን ነጭ አልተክልም 😅

---

የመጋላ_እናት | ግንቦት 15

ተዉት ልጁን! ግንቡ ራሱ ነጭ አይደል? ከነጭ ግንብ ፊት የቆመ ጠቆር ያለ አበባ ቅርጹ ይታያል። የእሬት ዘንግ ደግሞ ቅርጹ ራሱ ያምራል። አንድ አምፖል ከታች ወደ ላይ ብታበራበት ቀዩም ይመለሳል።

---

ማታ_ማታ | ግንቦት 16

የመጋላ_እናት አሸነፍሽኝ። አምፖሉ ቢጫማው ይሁን፤ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ መብራት ቀይን ያደበዝዛል።

---

የመጋላ_እናት | ግንቦት 16

ጠብታውም ጥሩ ነው፤ ቱቦ ለሌለው ሰው ግን ገንቦ አለ። ያልተሟሸ አዲስ ገንቦ ግዛ። የተሟሸ ከሆነ ውሃ አያሳልፍም። እስከ አንገቱ ቅበረው፣ ሙላው፣ ክደነው። ውሃው በሸክላው ሰውነት ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወጣል። ላዩ ደረቅ ስለሚሆን አረምም አይበዛም። የውሃው ኖራ ቀዳዳውን እየደፈነ ሲሄድ አውጥተህ በኮምጣጤ ፍቀው። ለቡገንቪሊያው ነው፤ እሬቱ ጋ እንዳትቀብረው።

---

ሳቢያን_ልጅ | ግንቦት 17

እሺ፣ እንዲህ አሰብኩ። ግንቡ ሁለት ጫፍ ላይ ቡገንቪሊያ፣ አንድ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ገንቦ። መሃሉን በሙሉ ጉብታ ሠርቼ የሐርላ እሬት። የእሾህ አክሊሉን ከእሬቱ ጀርባ ግንቡ ሥር፣ ልጆቹ እንዳይደርሱበት። አዴኒየም አንድ ብቻ፣ በትልቅ ሸክላ፣ ደረጃው ላይ። ፍየሏ ቡገንቪሊያውን ትበላለች?

---

ችግኝ_በእጄ | ግንቦት 17

ቡገንቪሊያ ትወዳለች። የመጀመሪያውን ዓመት በእሾህ አጥረው፤ ከዚያ በኋላ ከአፏ በላይ ይሆናል።

ዕቅዱ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል። እሬቱን ከቡገንቪሊያው ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቀው። የአንዱ ውሃ ለሌላው መርዝ ነው። ቡገንቪሊያው ሲሰፋ ደግሞ በየጊዜው ትቆርጠዋለህ፤ እሾሁ ከእሬት መሃል ሲወድቅ ለመልቀም አበሳ ነው። መቁረጡም አበባው ካለቀ በኋላ ይሁን።

ሌላው፣ "ውሃ የማይፈልግ" የሚባል ተክል የለም። ሥር ከያዘ በኋላ ነው የማይፈልገው። ቡገንቪሊያውን መጀመሪያ ላይ በየአራት አምስት ቀኑ በደንብ አርሰህ ታጠጣዋለህ፤ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ካርከፈከፍክ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ግንቦት ሲመጣ ይቃጠላል።

አሁን ግን ምንም አትትከል፤ ሙቀቱ ይገድልብሃል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲገባ ቡገንቪሊያውን አስገባ፤ ክረምቱ ያጠጣልሃል፣ አንተ ሮቶህን ትቆጥባለህ። እሬቱንና አዴኒየሙን ዝናቡ ሲቀንስ፣ መስከረም ላይ። እስከዚያ ጉድጓዱን ቆፍር። አንድ ጀሪካን ውሃ ሙላበትና በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ እይ። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ውሃ ካገኘህበት ለእሬቱ ጉብታውን ሌላ ግማሽ ክንድ ከፍ አድርግለት።